የቀረፃ ዕቅድ በምን ይያዝ? ወረቀት፣ ሺት፣ የኦንላይን መድረክ እና ሙቪ ማጂክ ሲነጻጸሩ

ስክሪፕቱ አልቋል፤ ቀረፃ ሊጀመር 5 ሳምንት ቀርቷል። ረዳት አዘጋጁና ፕሮዳክሽን ማናጀሩ መጀመሪያ ሊስማሙበት የሚገባው ጉዳይ ትዕይንቶቹ፣ ተዋንያኑ፣ ሎኬሽኖቹ፣ አልባሳቱና የቀረፃ ቀናቱ የት ይመዝገቡ የሚለው ነው። አንዱ ደብተርና ግድግዳ ይበቃል ይላል፣ ሌላው ኤክሴልን የመሰለ ሺት፣ ሦስተኛው በወር የሚከፈልበት የኦንላይን መድረክ፣ አራተኛው ሙቪ ማጂክ የተባለውን የቀረፃ መርሐ ግብር ፕሮግራም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ልማድ ነው፤ ያለፈው ሥራ በኤክሴል ስለተሠራ ይኼኛውም በኤክሴል ይሠራል።

ጥሩ ዕቅድ በአራቱም መንገድ ይወጣል። መንገዶቹ የሚለያዩት ዕቅዱ ሲፈርስ ነው። ስለዚህ አራቱንም በአንድ ፈተና እንያቸው።

ፈተናው

72 ትዕይንት ያለው፣ 18 የቀረፃ ቀን የተመደበለት ፊልም አስቡ። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ነገ 6ኛው የቀረፃ ቀን ነው። የቤቱ ባለቤት ይደውላሉ፦ ጎረቤት ሰው አርፏል፣ በሩ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው። በለቅሶ ቤት አጠገብ ካሜራ አይተከልም፤ ቢያንስ ለ3 ቀን ያ ቤት የለም ማለት ነው። በዚያ ቤት ሊቀረፁ የታሰቡት ትዕይንት 14፣ 41 እና 44 ይነሳሉ፤ በቦታቸው ለ11ኛው ቀን የተያዙት የካፌ ትዕይንቶች ይመጣሉ። ከካፌው ተዋንያን አንዷ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሌላ ድራማ ላይ ናት። ጀነሬተሩ የተከራየው ለቤቱ ነበር፤ ካፌው የራሱ መብራት አለው። የአልባሳት ባለሙያዋ የ11ኛውን ቀን ልብስ ገና አላዘጋጀችም። ማታ 4 ሰዓት ሳይሞላ 25 ሰው ትክክለኛውን ኮል ሺት፣ ማለትም ነገ ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚናገረውን ወረቀት፣ ማግኘት አለበት።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከባዱ መመዘኛ ለውጥ ነው፦ አንድ ትዕይንት ከ11ኛው ቀን ወደ 6ኛው ሲዛወር ስንት ቦታ በእጅ መታረም አለበት? እያንዳንዱ የእጅ እርማት አንድ የስህተት ዕድል ነው።

ሁለተኛው የአማርኛ ፊደል ነው። መጻፍ መቻሉ ብቻ አይበቃም፤ መፈለግ፣ መደርደር፣ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየርም ሳይበላሽ መውጣት አለበት። ሦስተኛው ቀንና ሰዓት፤ 13 ወር ያለው የዘመን አቆጣጠርና ከጠዋት 12 የሚጀምር ሰዓት አብዛኛው የፈረንጅ ሶፍትዌር አያውቃቸውም። አራተኛው፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ዕቅዱ ከእጅ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። አምስተኛው የተዋናይ ቀናት ዝርዝር፤ ማን በየትኛው ቀን ይጀምራል፣ ይሠራል፣ ሳይሠራ ይጠብቃል፣ ይጨርሳል። ስድስተኛው ወጪና የአከፋፈሉ መንገድ።

ከመምረጣችሁ በፊት፦ ብሬክዳውን

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ሥራው የሚጀምረው ስክሪፕቱን ትዕይንት በትዕይንት ከመፈልፈል ነው። የተለመደው አሠራር ተዋንያንን በቀይ፣ ኤክስትራዎችን በአረንጓዴ፣ ቁሳቁስን በሐምራዊ፣ ተሽከርካሪንና እንስሳን በሮዝ ማስመር ነው። ድሮን የሚያስፈልገው ትዕይንት ለብቻው ጎላ ያለ ምልክት ይደረግበት፤ ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ስለሚያስፈልግ ሌሎቹ የፈቃድ ደብዳቤዎች ሳይጀመሩ የእሱ መጀመር አለበት።

የትዕይንት ርዝመት በገፅ ስምንተኛ ይለካል። ገፁ በ8 እኩል ክፍል ይታሰባል፤ አንድ ገፅና ሦስት ስምንተኛ የሆነ ትዕይንት 11 ስምንተኛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው «አንድ ገፅ አንድ ደቂቃ» የሚለውን ልክ እንዳለ ሲወስድ ነው። ይህ ስሌት የተሠራው በኩሪየር ፎንት፣ በ12 ነጥብ፣ በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ስክሪፕት ነው። አማርኛ ፊደሉም፣ የቃላቱ ርዝመትም፣ የምንጠቀምበት ፎንትም ሌላ ነው። ስለዚህ ለኩት፦ 10 ገፅ ምረጡ፣ ንግግሩን ተዋንያኑ በሚናገሩበት ፍጥነት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ድርጊቱንም በዓይነ ልቡናችሁ እያያችሁ በስልክ ሰዓት ያዙ። 13 ደቂቃ ከወሰደ የእናንተ ገፅ 1.3 ደቂቃ ነው፤ 80 ገፅ ስክሪፕት 104 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ በቀን 5 ገፅ የመደቡ ቡድኖች በ4ኛው ቀን ላይ ወደ ኋላ ሲጎተቱ ምክንያቱ አይገባቸውም።

አማራጭ 1፦ ወረቀትና ግድግዳ

ጥንታዊው ስትሪፕ ቦርድ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ቀጭን ባለቀለም ወረቀት ይዘጋጃል፦ ነጭ ለውስጥ ቀን፣ ቢጫ ለውጭ ቀን፣ ሰማያዊ ለውስጥ ማታ፣ አረንጓዴ ለውጭ ማታ። አንድ ባለቀለም ኤ4 ወረቀት በቁመቱ በ2 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ 10 ስትሪፕ ይወጣዋል፤ ለ72 ትዕይንት 8 ወረቀት ይበቃል፣ ለመጠባበቂያ 12 ግዙ። በላዩ የትዕይንቱ ቁጥር፣ ሎኬሽኑ፣ የስምንተኛው ብዛት፣ ለእያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ የተሰጠው መለያ ቁጥር ይጻፋል። በየቀረፃ ቀኑ መጨረሻ ጥቁር ስትሪፕ ይገባል። ሰሌዳው ፎም ይሁን፤ ስትሪፖቹ በመርፌ ይያዙ። በፕላስተር የተለጠፈ ሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ ይቀደዳል።

የዚህ ዘዴ ጉልበት ሰው ነው። አዘጋጁ፣ ሲኒማቶግራፈሩና ረዳት አዘጋጁ ሰሌዳው ፊት ቆመው 18 ቀን በአንድ እይታ ያያሉ። ቢጫው በዝቶ ክረምት ላይ የወደቀ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። በሰኔና በመስከረም መካከል ቢጫ ስትሪፕ ያለበት ቀን ሁሉ አጠገቡ ነጭ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ዝናብ ሲወርድ ቡድኑ የሚገባበት የውስጥ ትዕይንት ማለት ነው። ይህን በስክሪን ላይ ከማየት በግድግዳ ላይ ማየት ይቀላል፤ በዚህ እኔ አልደራደርም።

ፈተናው ላይስ? ስትሪፑን ማንሳት 1 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በእጅ ነው፦ ኮል ሺቱ እንደገና ይጻፋል፣ የተዋናይ ቀናት ዝርዝር ይታረማል፣ ጀነሬተር አከራዩን የሚያስታውስ የለም። ሰሌዳው ቢሮ ነው፣ ስልኩ የተደወለው ደግሞ ቤት ነው። ቢያንስ ሰሌዳውን በየማታው ፎቶ አንሱት፤ ቢሮው ቢዘጋ ወይም ሰሌዳው ቢወድቅ ያ ፎቶ ብቸኛው ቅጂያችሁ ነው።

አማራጭ 2፦ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ሥራ የሚያርፈው እዚህ ነው፤ በቂ ምክንያትም አለው። በነፃ ወይም ቀድሞ ባለ ፕሮግራም ይሠራል፣ አማርኛ ይቀበላል፣ ሁሉም ከፍቶ ያነበዋል። ነገር ግን ሺት የፊልም ሥራ አያውቅም፤ የሚያውቀው የጻፋችሁትን ነው። ስለዚህ ወጥመዶቹን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ስምንተኛው ነው። 3/8 ብላችሁ ስትጽፉ ሺቱ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። መፍትሔው የስምንተኛውን ብዛት በሙሉ ቁጥር መጻፍ ነው፤ አንድ ገፅ ከ3/8 ለማለት 11። የቀኑ ድምር ለ8 ሲካፈል ገፁ ይመጣል።

ሁለተኛው የቀን ወጥመድ ነው። ኅዳር 12፣ 2018 ዓ.ም. ዓርብ ነው። 12/3/2018 ብላችሁ ብትጽፉ ቀን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ሺት የፈረንጁን ማርች 12 አድርጎ ይቀበለዋል፣ ዕለቱን ሲያሰላም ሰኞ ይላል። ምሳ አቅራቢዋ በዚያ ሺት ከሄደች ለዓርብ የፍስክ ምግብ ይዛ ትመጣለች። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ በቀን ስትደረድሩ ከሁሉም በታች ይወርዳል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አይገባም። የሚሠራው አደራደር አራት ዓምድ ነው፦ የቀረፃ ቀን ቁጥር ከ1 እስከ 18፤ የፈረንጅ ቀን እንደ እውነተኛ ቀን፤ ከሱ በቀመር የሚወጣ ዕለት፤ የኛ ቀን እንደ ጽሑፍ። መደርደር ሁልጊዜ በሁለተኛው ዓምድ ይሁን። አጠገቡ የጾም ዓምድ ጨምሩ፦ ረቡዕና ዓርብ፣ የዓቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ፣ ረመዳንም። ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ ባልደረቦች ባሉበት ቡድን ከባዱን የውጭ ትዕይንት ጠዋት ማድረግ ለሰዎቹም ለሥራውም ይበጃል።

ሦስተኛው ወጥመድ የፊደል ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ድምፅ የለውም። ለኛ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» አንድ ሰው ናት፤ ለሺቱ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ረዳት ትዕይንት 22 ላይ በፀ፣ ሌላው ትዕይንት 37 ላይ በጸ ከጻፈ፣ በፀ ሲጣራ 37 አይወጣም፤ ተዋናይዋም አትጠራም። የቀረፃው ዕለት ጠዋት ሁሉም ተዘጋጅቶ እሷ ቤቷ ናት። ስለዚህ ገፀ ባሕርያቱን ቁጥር ስጧቸው፤ ዋናዋ 1፣ ቀጣዩ 2 እያለ ይሂድ። በትዕይንት ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ ብቻ ይግባ፣ ስሙ በአንድ ሌላ ገፅ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ። ለሎኬሽን ስም ደግሞ ከዝርዝር የሚመረጥ ሳጥን አድርጉ፤ ማንም በእጁ አይተይብ።

የተዋናይ ቀናት ዝርዝር በሺት ጥሩ ሆኖ ይሠራል። በአግድም 18ቱ ቀናት፣ በቁልቁል ተዋንያኑ፤ በየሳጥኑ ጀ ለሚጀምርበት፣ ሠ ለሚሠራበት፣ ጠ ለሚጠብቅበት፣ ጨ ለሚጨርስበት። የሚጠብቁ ቀናት የበዙበትን ተዋናይ ስታዩ ትዕይንቶቹን ለማቀራረብ ሞክሩ፤ የገንዘብም የሰው ጊዜም ብክነት ያለው እዚያ ነው።

ፈተናው ላይ ሺቱ ቀመሮቹ በደንብ ከተሠሩ ብዙ ይረዳል፦ የቀን ቁጥሩን ከ11 ወደ 6 ስትቀይሩ ድምሩ ይታረማል። ሆኖም ተዋናይዋ ከሰዓት ሌላ ቦታ መሆኗን የሚነግራችሁ የተለየ ዓምድ ካልሠራችሁ ሺቱ ዝም ይላል። ደግሞም ፋይሉ በቴሌግራም እየተላላከ ከሆነ ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት የተለያየ ሺት ያርማል። ጉግል ሺትስ ላይ አንድ ፋይል፣ አርሚ ሁለት ሰው ብቻ፣ ሌላው ተመልካች። ስትደረድሩም አንድ ዓምድ ብቻ መርጣችሁ አትደርድሩ፤ የትዕይንት ቁጥሩ ከተዋንያኑ ተለይቶ ይሄዳል፣ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው ቀረፃ ቦታ ላይ ነው።

ኢንተርኔት ቢጠፋ? ጉግል ሺትስ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድማችሁ ካስተካከላችሁት ይከፈታል። ሳታስተካክሉ ከጠፋ ግን ምንም የላችሁም። ይህን ከቀረፃ ሳምንት በፊት ስልኩን ከኔትወርክ አውጥታችሁ ሞክሩት።

አማራጭ 3፦ የኦንላይን መድረኮች

ስቱዲዮባይንደር፣ ሴልትክስ፣ ያምዱ የመሳሰሉት ስክሪፕት፣ ብሬክዳውን፣ መርሐ ግብርና ኮል ሺትን ባንድ ቦታ ያገናኛሉ። ጥቅማቸው ግንኙነቱ ላይ ነው፦ ትዕይንቱ ሲንቀሳቀስ ተዋናዩም ቁሳቁሱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ኮል ሺቱም ከዚያው ይወጣል። ኮል ሺቱን ማን እንዳየ ማወቅ የሚቻልበት መድረክ ማታ 4 ሰዓት ላይ ትልቅ እፎይታ ነው።

የሚያስቸግረው አማርኛው ነው። ፕሮግራሞች ከተራ ጽሑፍ ወይም ከፒዲኤፍ ትዕይንትን የሚለዩት በብዛት በእንግሊዝኛው የውስጥና የውጭ ምሕጻረ ቃል ነው። «ውስጥ - የአልማዝ ቤት - ቀን» ብላችሁ የጻፋችሁት ርዕስ እንደ ተራ ድርጊት ሊነበብና 72ቱ ትዕይንት አንድ ረጅም ትዕይንት ሆኖ ሊገባ ይችላል። ስክሪፕቱ በፋይናል ድራፍት (የስክሪፕት መጻፊያ ፕሮግራም) ፋይል ከተላከ እያንዳንዱ አንቀጽ ምን እንደሆነ ምልክት ስላለው የተሻለ ዕድል አለ። ሌላው የፎንት ጉዳይ ነው፤ ስክሪን ላይ ያማረው አማርኛ ፒዲኤፍ ሲሆን ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በሙከራ ጊዜው 5 ገፅ አስገቡ። ትዕይንቶቹን ቁጠሩ። አንድ ገፀ ባሕርይ ፈልጉ። ኮል ሺት በፒዲኤፍ አውጡና ዋጋው አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ ክፈቱት፤ የቡድኑ አብዛኛው ሰው የሚያነበው በዚያ ነው። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ሌላ መድረክ ሞክሩ ወይም ወደ ሺት ተመለሱ።

ሰዓቱንም አስቡበት። መድረኩ 8፡00 ብሎ ያወጣል፤ አስተባባሪው ወደ ቴሌግራም ሲገለብጠው «8 ሰዓት» ይላል፤ ተዋናዩ ከምሳ በኋላ ይመጣል። በኮል ሺቱ ማስታወሻ ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ጠዋት 2፡00» ብላችሁ በፊደል ጨምሩ።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል፤ ካርዱ በሰው ስም ከሆነ ያ ሰው ከሥራው ቢለቅ መለያው አብሮት እንዳይሄድ በድርጅቱ ኢሜይል ክፈቱት። ፕሮዲዩሰሩ ዋሽንግተን፣ ቡድኑ አዲስ አበባ ከሆነ ግን ይህ አማራጭ ከሁሉም ይሻላል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ፣ አንዱ ተኝቶ ሌላው ያረመውን ጠዋት ከፍቶ ማየት ይችላል።

አማራጭ 4፦ ሙቪ ማጂክ ስኬጁሊንግ

የአሜሪካ ፊልም ሥራ የሚግባባበት መሣሪያ ነው። ስትሪፕ ቦርዱን በስክሪን ላይ ያመጣል፣ ለአንድ ፊልም ብዙ አማራጭ ሰሌዳ እንድትይዙ ይፈቅዳል፣ የተዋናይ ቀናት ዝርዝሩን ራሱ ያወጣል። ፈተናችን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ «ካፌው ረቡዕ» እና «ካፌው ሐሙስ» የሚሉ ሁለት ሰሌዳዎች ሠርታችሁ የትኛው የተዋንያንን የጥበቃ ቀን እንደሚያሳንስ ታያላችሁ። በጀት በሌላ ፕሮግራም ይሠራል፤ የሱ ዋጋ ለብቻው ነው።

ከውጭ ቡድን ጋር የምትሠሩ ከሆነ ምርጫ የላችሁም፤ ፋይሉን እነሱ ይልካሉ፣ እናንተ ከፍታችሁ ማንበብ አለባችሁ። ስትሪፖቹን በላቲን ፊደል ጻፉ፣ የገፀ ባሕርይ ቁጥር ተጠቀሙ፣ ለአገር ውስጡ ቡድን የሚወጣው ኮል ሺት ደግሞ በአማርኛ ከሺት ይውጣ። ለአነስተኛ የአገር ውስጥ ፊልም ብቻ ከሆነ ዋጋውና የሚጠይቀው የትምህርት ጊዜ አይመጣጠንም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ወረቀትና ግድግዳ | ሺት | የኦንላይን መድረክ | ሙቪ ማጂክ |
|---|---|---|---|---|
| አንድ ትዕይንት ሲዛወር የእጅ እርማት | ብዙ | መካከለኛ፣ በቀመሩ ይወሰናል | ጥቂት | ጥቂት |
| የአማርኛ ፊደል | ሙሉ | ይሠራል፤ ፀ እና ጸ ይለያያሉ | ሳይሞከር አይታመንም | በላቲን ይያዝ |
| የኛ ቀንና ሰዓት | እንደፈለጋችሁ | በተጨማሪ ዓምድ | በማስታወሻ ብቻ | በፈረንጁ ይያዝ |
| መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ | ይሠራል | አስቀድሞ ከተዘጋጀ | አያስተማምንም | አስቀድማችሁ ሞክሩ |
| የተዋናይ ቀናት | በእጅ | በቀመር | ብዙዎቹ ያወጣሉ | ራሱ ያወጣል |
| ወጪ | የወረቀትና የፎም | ነፃ ወይም አነስተኛ | በዶላር፣ በወር ወይም በዓመት | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ከ2 እስከ 4 ቀን የሚቀረፅ አጭር ፊልም፦ ግድግዳና አንድ ገፅ ሺት። ሌላ ነገር ለመማር የምታጠፉትን ቀን ሎኬሽን በማየት አሳልፉት።

በአነስተኛ በጀት ከ15 እስከ 25 ቀን የሚቀረፅ ፊልም፦ ጉግል ሺትስና ስትሪፕ ቦርድ አንድ ላይ። ውሳኔ ግድግዳው ላይ ይወሰን፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሺቱ ላይ ይግባ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሺቱ ይጸናል ተብሎ አስቀድሞ ይነገር። ይህ ስምምነት በቃል ሳይሆን በመጀመሪያው የፕሮዳክሽን ስብሰባ ማስታወሻ ላይ ይጻፍ።

ተከታታይ ድራማ፦ የበርካታ ክፍሎች ትዕይንቶች በአንድ ሎኬሽን ተጠራቅመው ስለሚቀረፁ የትዕይንት ቁጥር ክፍሉን ማሳየት አለበት፤ 312 የክፍል 3 ትዕይንት 12 ነው። ኮንቲኒዩቲን (ልብስና መልክ ከትዕይንት ትዕይንት ሳይጋጭ መቀጠሉን) የሚያበላሸው አንዲት ተዋናይ በአንድ ቀን የ3 ክፍል ልብስ መቀያየሯ ስለሆነ ትዕይንቱ በታሪኩ ውስጥ በስንተኛው ቀን እንደሚውል የሚያሳይ «የታሪክ ቀን» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ሥራው ከ6 ወር በላይ የሚቀጥልና ከአንድ በላይ ረዳት አዘጋጅ ያለው ከሆነ፣ የ5 ገፅ ፈተናውን ያለፈ መድረክ ክፍያውን ይመልሳል።

የውጭ ቡድን ያለበት ሥራ፦ ሙቪ ማጂክ፣ ከአማርኛ ኮል ሺት ጋር።

የመረጣችሁትን ከቀረፃው 2 ሳምንት በፊት አጽኑት፤ ቀረፃ ከተጀመረ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው አትዛወሩ። ከዚያ የረቡዑን ፈተና በእውነተኛ ስክሪፕታችሁ አድርጉት፦ አንድ ሎኬሽን አውጡ፣ ሌላ ቀን አምጡ፣ ሰዓት ያዙ፣ ለ3 ሰው ብቻ የሙከራ ኮል ሺት ላኩ። ከ45 ደቂቃ በላይ ከወሰደ የቱ ቦታ እንደዘገየ ጻፉና ያንን አስተካክሉ። በመጨረሻም የየቀኑ ኮል ሺት በወረቀት 4 ቅጂ ይታተም፤ አንዱ ካሜራ፣ አንዱ አልባሳትና ሜካፕ፣ አንዱ ሾፌሩ፣ አንዱ ረዳት አዘጋጁ እጅ።